ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ተከትሎ፦ ከኪው እስከ ፕሊማውዝ

የ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ሜዳይ ከሌላ የብር ሜዳይ ጋር በአንድ መስቀያ ላይ ተሰክቶ ሲገኝ የኢትዮጵያዊ ዓይን የሚሮጠው ወደ መጀመሪያው ነው። አይፈረድበትም። ስለ ሰውየው ይበልጥ የሚያወራው ግን ጎረቤቱ ነው፦ ሪባኑ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዳርና ዳሩ ነጭ የሆነው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ሜዳይ። ለዘመቻው ሜዳይ መርከቡ ጦሩ በወረደበት በዙላ ባሕር ላይ መገኘቷ በቃ። ሁለተኛው የሚሰጠው ግን ጠባዩ በየዓመቱ እየተመዘነ፣ ሳይሰክር፣ ከፈቃድ ሳይዘገይ ለቆየ ሰው ነበር። የመጋቢቱ ጉዞ የእንዲህ ያሉ ጥንድ ሜዳዮችን ባለቤት ዱካ ለማግኘት የሚረዱ መዝገቦችና መርከቦች ያሉባቸውን ከተሞች ተራ በተራ ያዳረሰ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ እንደኛ።

ሰኞ፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን

ለንደን ውስጥ ኪው ላይ ያለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እሑድና ሰኞ ዝግ ስለሆነ መነሻው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሆነ። መግቢያው ነጻ ነው። ከመቅደላ የተወሰዱት የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ የዚህ ሙዚየም ንብረት ሆነው ተመዝግበዋል፤ ዘውዱን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት ሙዚየሙ ራሱ ይናገራል። ሆድ ያባባል፤ ግን ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል።

የዘመቻው ሜዳይ ከዚህ ወርቅ አጠገብ ሲታሰብ ኢምንት ነው፦ 32 ሚሊ ሜትር ብር። ፊቱ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ በኮከብ መካከል ተቀምጣለች፤ በኮከቡ ዘጠኝ ጫፎች መካከል የ‹አቢሲኒያ› ዘጠኝ የላቲን ፊደላት አንድ አንድ እየሆኑ ተበትነዋል። ሥራው የሚታየው በጀርባው ነው። ለእንግሊዝ ወታደሮችና ባሕረኞች የተሰጡት የባለቤቱን ስም በአክሊል ቅጠል መካከል ከብሩ ከፍ ብሎ በወጣ ፊደል ይዘዋል፤ ለየሰዉ ለየብቻ መሥራት ስለጠየቀ ወጪው ከባድ ነበር። ከተሰጡት 14 ሺህ ገደማ ሜዳዮች 2 ሺህ ያህሉ የባሕር ኃይል ናቸው። በብዛት የሚታዩት የመርከብ ስሞች ኦክታቪያ፣ ድራያድ፣ ሳተላይት፣ ኒምፍ፣ ዳፍኒ፣ አርገስ፣ ስፓይትፉል፣ ስታርና ቪጂላንት ናቸው። የባሕረኛ ነው የተባለ ሜዳይ ጀርባው ላይ ስሙ ተቆፍሮ ከተገኘ፣ ወይም መካከሉ ተፍቆ ከለሰለሰ፣ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ኪው

ከሳውዝ ኬንሲንግተን ወደ ኪው ጋርደንስ ዲስትሪክት የሚባለው የከተማ ባቡር ሳያቀያይር ይወስዳል። ግንባሩ ላይ ‹ሪችመንድ› የሚለውን ብቻ ነው መሳፈር፤ ‹ዊምብልደን› የሚለው ኧርልስ ኮርት ላይ፣ ‹ኢሊንግ ብሮድዌይ› የሚለው ደግሞ ተርንሃም ግሪንን እንዳለፈ ይገነጠላል። ከጣቢያው ቤተ መዛግብቱ አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው።

የአንባቢ ካርድ ገንዘብ አይጠየቅበትም። አስቀድሞ በድረ ገጽ ተመዝግቦ ስምንና አድራሻን የሚያረጋግጡ ሁለት ሰነዶች ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ፓስፖርት ለስም ይበቃል፤ ጣጣው አድራሻው ላይ ነው። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ለጠረጴዛው ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። በእንግሊዝኛ የታተመ የባንክ መግለጫ ባይገኝ ኖሮ የማክሰኞ ጠዋት እዚያው ያልቅ ነበር። ስክሪብቶ፣ ላጲስ፣ ውሃና ማስቲካ ወደ ንባብ ክፍል አይገቡም፤ እርሳስ፣ ወረቀት፣ ስልክና ካሜራ በሚያሳይ ፌስታል ይገባሉ። ቀሪው ዕቃ ታች ሎከር ውስጥ ይቆለፋል። አዲስ አበባ ወመዘክር የለመደ ሰው እዚህ የሚናፍቀው ወረቀት ተቀብሎ መዝገብ የሚያመጣለትን ሠራተኛ ነው፦ ትእዛዙ በኮምፒውተር ይሰጣል፣ መዝገቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የመቀመጫ ቁጥርህ በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ስለሚሠሩ ረጅሙን ሥራ ለእነዚህ ቀናት ማድረግ ያዋጣል።

ፍለጋው የሚጀምረው ከረጅም አገልግሎት ሜዳዩ ጠርዝ ነው። ሜዳዩን ያቋቋሙት ንጉሥ ዊልያም አራተኛ ነሐሴ 1831 ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ዘውድ የተጫነበት መልሕቅ በባሉጥ ቅጠል ተከቦ የሚታይበት ሲሆን 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙም ጀርባው ላይ ይቀረጻል። ከ1848 ጀምሮ ፊቱ የንግሥቲቱ ምስል፣ ጀርባው ባለ ሦስት ምሰሶ የጦር መርከብ በገመድ ተከብባ ሆነ፤ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር። ስሙ ከዚያ ወዲህ ጠርዙ ላይ ነው። መጀመሪያ ማንጠልጠያው 38 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ 32 ጠበበ። በሰፊው ማንጠልጠያ ዘመን የጠርዙ ጽሑፍ በእጅ መቅረጫ የተቆረጠ ነው፤ ስም፣ ማዕረግ፣ መርከብ፣ ብዙ ጊዜም የአገልግሎት ዓመት ጭምር ይዟል። ከ1877 ገደማ በኋላ በብረት ፊደል የተመታ ነው፤ የዓመቱ ቁጥር ይቀራል፣ ከጊዜ በኋላ የባሕረኛው መለያ ቁጥር ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ፈላጊ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጠርዙ ላይ ያለው መርከብ ሰውየው የዘመተባት ሳትሆን ሜዳዩ ሲጸድቅ ስሙ የተመዘገበባት ናት። ‹ዱክ ኦቭ ዌሊንግተን› የሚል ካለ ፖርትስማውዝ ወደብ ላይ የቆመች የማደሪያና የመመዝገቢያ መርከብ ናት፤ ‹ፔምብሮክ› የቻተም፣ ‹ሮያል አደላይድ› የዴቨንፖርት። ‹ኮስት ጋርድ› የሚልም ብዙ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ጥበቃው በዚያን ዘመን ለአሮጌ ባሕረኞች ሰላማዊ የሥራ ቦታ ነበር። የ‹ዱክ ኦቭ ዌሊንግተን›ን የዕለት መዝገብ አዝዞ ዙላን መፈለግ ባዶ ቀን ያስከፍላል።

ቀጣዩ የዓመት ስሌት ነው። ሜዳዩ መጀመሪያ 21 ዓመት አገልግሎት ይጠይቅ ነበር፤ በ1874 ወደ 10 ወረደ፣ በ1884 ወደ 15 ተመለሰ። ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ያለው የልጅነት አገልግሎት አይቆጠርም። ለምሳሌ በ1848 የተወለደ ልጅ በ1863 በ15 ዓመቱ ቢቀጠር፣ ቆጠራው የሚነሣው ከ1866 ነው። ዙላ ሲደርስ 20 ዓመቱ ነው። በድሮው ደንብ ሜዳዩን የሚያየው በ1887 ነበር፤ በአዲሱ ግን 1876 ላይ ይደርሰዋል። የመቅደላ ዘማች ባሕረኞች የረጅም አገልግሎት ሜዳይ ብዙውን ጊዜ ጠባቡ ማንጠልጠያ ያለው የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መዝገቡ ላይ ያለው የሽልማት ዓመት ከስሌቱ ከዘገየ፣ የጠባይ ዓምዱ ውስጥ አንድ ነገር ተደብቋል።

መዝገቦቹ እንዲህ ይከታተላሉ። ከ1853 እስከ 1872 የተቀጠረ ባሕረኛ የአሥር ዓመት ውል ፈርሞ በ‹ኤ.ዲ.ኤም 139› ይገኛል (‹ኤ.ዲ.ኤም› የባሕር ኃይል መዝገቦች መለያ ነው)፤ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ቁመት፣ የዓይንና የጸጉር ቀለም፣ ጠባሳና ንቅሳት ሳይቀር ተጽፏል። በ1873 ሁሉም አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ከ40001 ጀምሮ፤ እነዚህ በ‹ኤ.ዲ.ኤም 188› ውስጥ ናቸው። በመሃል ቁጥር የቀየረ ሰው በአንዱ ብቻ ከተፈለገ ግማሽ ዕድሜው ይጠፋል፤ የድሮው ቁጥር ብዙ ጊዜ በአዲሱ ገጽ ራስጌ ላይ ስለሚገኝ እሱን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። እነዚህ ሁለቱ በዲጂታል ተነሥተዋልና ለእነሱ ሲባል ኪው ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በድረ ገጽ ተመዝግቦ ማውረድ ይበቃል። ለመሄድ የሚያበቁት የዘመቻ ሜዳይ ዝርዝሮችና የመርከብ የዕለት መዝገቦች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ‹ኤ.ዲ.ኤም 171› በመርከብ በመርከብ ተደርድረዋል፣ ሜዳዩ ለማን በየት በኩል እንደተላከም ያሳያሉ። የዕለት መዝገቦቹ ‹ኤ.ዲ.ኤም 53› ናቸው።

የአገልግሎት ገጹ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ነው፦ መርከቦቹ በግራ፣ ጠባዩ በቀኝ። ‹ቪ.ጂ› እጅግ መልካም ማለት ነው፤ ሜዳይ የሚያስገኘው ይሄ ብቻ ነው። ከሥሩ የመልካም ጠባይ ምልክቶች አሉ፤ ግራ ክንድ ላይ የሚሰፉት የ‹ቪ› ቅርጾች፣ ከ3፣ ከ8 እና ከ13 ዓመት በኋላ አንድ አንድ እየተጨመሩ፣ ለእያንዳንዱ በቀን አንድ ፔኒ እየታከለ። ‹ጂ› ተሰጠ፣ ‹ዲ› ተነጠቀ፣ ‹አር› ተመለሰ። ‹አር› ብቻዋን በመርከብ ዓምድ ላይ ከተገኘች ግን ‹ጠፋ› ናት፤ ከድቷል ማለት ነው። ‹ዲ.ዲ› ሞተ። በኋለኞቹ ዓመታት ገጾች ላይ ‹አር.ኤም.ጂ› የሚል ካለ ለሜዳዩና ለጉርሻው ታጭቷል። ጀማሪ አንባቢ የ‹ዲ› እና የ‹አር› ጥንድ ሲያይ ይደነግጣል፤ በስድስት ወር ልዩነት የተመለሰች ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ከፈቃድ ዘግይቶ ወይም ሰክሮ መመለስ ናት፣ ሌብነት አይደለችም።

የዕለት መዝገቡ ሌላ ዓለም ነው። የነፋሱ አቅጣጫ፣ የአየሩ ሙቀት፣ የታመሙት ብዛት፣ የተቀጡት ስም። ዙላ ላይ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም፤ መርከቦቹ በማሞቂያቸው የባሕር ውሃ እያተነኑ ለሰውና ለከብት ያጠጡ ነበር። 13 ሺህ ወታደርና 44 ዝሆን የያዘ ዘመቻ በዚህ ውሃ ላይ ተንጠለጠለ። ከባሕረኞቹ ወደ መቅደላ የወጡት 80 ያህል ናቸው፦ በድራያዱ አዛዥ በኮማንደር ፌሎውስ ሥር፣ 12 የሮኬት ማስወንጨፊያ በበቅሎ ጭነው። ሚያዝያ 10 እሮጌ ላይ፣ ሚያዝያ 13 ደግሞ አምባው ላይ ተኮሱ። ቀሪው ባሕረኛ ዕቃ አወረደ፣ ጀልባ ቀዘፈ፣ ውሃ አፈላ፤ ያገኘው ሜዳይ ግን ያው አንድ ነው። ሜዳይ ብቻ አይቶ ‹አያቴ መቅደላ ተዋግቷል› የሚል የእንግሊዝ ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ምሳ እዚያው ምድር ቤት ይገኛል። ለጿሚ ያለው ምርጫ የተጋገረ ድንች በባቄላ ነው፣ ቅቤ እንዳይጨምሩ ቀድሞ ተነግሯቸው።

ሐሙስ፣ ቻተም

ከሴንት ፓንክራስ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከቪክቶሪያ የሚነሣው ዘገም ይላል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ከጠዋቱ 3፡30 በኋላ የሚነሣ ትኬት ቅናሽ አለው። ሁለት ሆኖ ለሚጓዝ የጥንድ ቅናሽ ካርድ ሲሶውን ስለሚያነሣ በሦስትና በአራት ጉዞ ራሱን ይከፍላል። ከጣቢያው የመርከብ ግቢው ድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር ነው፤ ዝናብ ካለ አውቶቡስ። ትኬቱ 30 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ይቆጫል፣ ግን ለአንድ ዓመት ያገለግላል።

ግቢው በ1984 ተዘጋ፤ አሁን ሙዚየም ነው። የሜዳዩ ጀርባ ግማሹ የተሠራው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ሜዳዩ ላይ ያለችው መርከብ ናት የምትባለው ቪክቶሪ ከዚህ ግቢ በ1765 ወደ ውሃ ወረደች። ሥዕሏን የከበበው ገመድ ደግሞ እዚህ ባለው 346 ሜትር ርዝመት ባለው የገመድ ቤት ውስጥ ዛሬም ይገመዳል። የሚሠሩት ሰዎች ያሳያሉ፦ ክሩ በአንድ አቅጣጫ ይከረራል፣ ክሮቹ ተሰባስበው ፈትል ሲሆኑ በተቃራኒው፣ ሦስቱ ፈትሎች ገመድ ሲሆኑ ደግሞ እንደገና በተቃራኒው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ቢከረር ኖሮ ሲለቁት ይተረተር ነበር። ሜዳዩ ላይ ገመዱ ከታች የተቋጠረበት ቋጠሮ ሸራ ለማሳጠር የሚያስሩበት ነው።

ጋኔት የተባለችው የ1878 መርከብ ግን ለኛ ከቪክቶሪ ትበልጣለች። ድራያድና ዳፍኒ ዛሬ የሉም፤ ለእነሱ በመጠንም በሥራም ከሚቀርቡት ተርፋ የምትታየው እሷ ናት። ሸራና እንፋሎት አንድ ላይ፣ የብረት አጽም በእንጨት ተለብጦ። ቀይ ባሕር ላይ ሠርታለች፣ በ1888 ሱአኪን ላይ ተኩሳለች። ከመርከቡ ወለል በታች ቆሞ ጣሪያውን በእጅ መንካት ይቻላል። 140 ያህል ሰው፣ የእንፋሎት ማሞቂያው ከሥር እየነደደ፣ በምጽዋ ሙቀት። ምጽዋን በክረምት ያየ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቅዳሜ፣ ፖርትስማውዝ

ከዋተርሉ አንድ ሰዓት ከአርባ ያህል። ባቡሩ ከተማው ውስጥ ከአንድ በላይ ጣቢያ ላይ ይቆማል፤ ‹ፖርትስማውዝና ሳውዝሲ› ላይ ግማሹ ተሳፋሪ ሲወርድ ተከትሎ መውረድ የተለመደ ስህተት ነው። መርከቦቹ ያሉት በመጨረሻው፣ ‹ፖርትስማውዝ ሃርበር› ላይ ነው፤ ከበሩ ሲወጡ ዎሪየር የተባለችው የጦር መርከብ ፊት ለፊት ቆማለች።

ቪክቶሪ በትልቅ ጥገና ላይ ናት፤ ዋናው ምሰሶዋ በ2021 ተነሥቷል፣ ገላዋም በሸራና በብረት ማማ ተሸፍኗል። ሜዳዩን ይዞ ከመርከቧ ጋር ላስተያይ ያለ ሰው ለጊዜው ከሜዳዩ ላይ ብቻ ነው ሦስት ምሰሶ የሚያገኘው። ትኬቱን ዎሪየር ላይ ማዋል ይሻላል። በ1860 የተወረወረች፣ መላ አካሏ ብረት የሆነ፣ የመቅደላው ባሕረኛ ዘመን መርከብ ናት። በየሁለት መድፉ መካከል አንድ የምግብ ጠረጴዛ ይንጠለጠላል፤ አሥራ ስምንት ሰው በአንዱ። ማታ ጠረጴዛው ይነሣና እዚያው ላይ አልጋ ሸራው ይዘረጋል። ሰክሮ የገባ ሰው ጠረኑን የሚደብቅበት አንድ ስንዝር ቦታ የለም። የሩም ድርሻው ከ1850 ጀምሮ የቀነሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 71 ሚሊ ሊትር ያህል ሆኖ፣ ያለምክንያት አልነበረም፤ ጨርሶ የተቋረጠው ግን ሐምሌ 31 ቀን 1970 ነው። የጠባይ ዓምዱን ያበላሸውም በአብዛኛው መጠጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ ጠባብ ማንጠልጠያ ያለው የቪክቶሪያ ሜዳይ በ180 ፓውንድ ተሰቅሎ ነበር። የካሊፐር ጥቅም እዚህ ታየ። የስፋቱ ልኬት በአንድ በኩል 36፣ በሌላው 35.4 ሚሊ ሜትር መጣ። የቀድሞው ስም በሞረድ ተፍቆ ሌላ ሲጻፍ ጠርዙ እኩል አይቀንስም፤ ስለዚህ ቢያንስ በአራት አቅጣጫ መለካት ያስፈልጋል። በብረት ፊደል የተመታ ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በየፊደሉ ዳር ጥቂት ብር ወደ ላይ ገፍቷል፤ በመቅረጫ የተቆረጠው ደግሞ ቦይ ነው፣ ብሩ ተወግዷል። ፊቱ ያረጀ ሆኖ ጽሑፉ ስል ከሆነ፣ ወይም ጠርዙ ከፊቱ ይልቅ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ገንዘብን ኪስ ማቆየት ነው። ሻጩ ካሊፐሩን ሲያይ ዋጋውን ወደ 90 አወረደ። ለብሩ ካልሆነ በቀር ያም ውድ ነው። ትክክለኛ ሜዳይ ለገዛ ደግሞ፦ ማጽጃ ቅባት አይነካው። ጥቁረቱ ይጠብቀዋል፤ በየዓመቱ የሚወለወል ሜዳይ ስሙን ቀስ በቀስ ይበላል። አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው፣ ለስላሳ የፒ.ቪ.ሲ ኪስ ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴ ያወጣል።

አሣና ድንች ጥብሱ 13 ፓውንድ ነበር፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሆኖም አንዳንድ ቤቶች በበሬ ሞራ ነው የሚጠብሱት፤ ለጿሚ ድንቹም አይሆንምና በአትክልት ዘይት መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው። ማደሪያው ሳውዝሲ ላይ ቁርስ የሚሰጥ ቤት፣ ክፍሉ 80 ፓውንድ። ሴትዮዋ ስለ ጾም ሲነገራቸው አንድም ጥያቄ ሳያበዙ እንጉዳይ፣ ቲማቲም፣ ባቄላና ደረቅ ቶስት አቀረቡ።

እሑድ፣ መንገድ ላይ

እሑድን ለረጅም መንገድ አለመምረጥ ነው። ሐዲድ የሚጠገነው ያን ዕለት ነው፤ መሃል ላይ ተሳፋሪው ወርዶ በአውቶቡስ ተጫነ፣ አውቶቡሱም ሻንጣ ማስቀመጫ አልነበረውም። በአራት ሰዓት ያልቅ የነበረው ወደ ሰባት ሄደ። የመዘግየት ካሳ በድረ ገጽ ይጠየቃል፣ ትኬቱ ሳይጣል።

ማክሰኞ፣ ፕሊማውዝ

ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ነው፤ ቀኑ ለሆ ኮረብታ ሆነ። እዚያ ያለው የባሕር ኃይል መታሰቢያ ከቻተሙና ከፖርትስማውዙ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስቱንም የነደፉት ሰር ሮበርት ሎሪመር ናቸው። ከ23 ሺህ በላይ ስም አለው። የመቅደላውን ባሕረኛ ግን እዚህ መፈለግ ከንቱ ነው፦ የተጻፉት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሞተው ከባሕር በቀር መቃብር የሌላቸው ናቸው። የልጅ ልጁ ሊኖር ይችላል። ለዚያ የሚረዳው ከባሕረኛው መለያ ቁጥር ፊት ያለው ፊደል ነው፤ ‹ዲ› ዴቨንፖርት፣ ‹ፒ› ፖርትስማውዝ፣ ‹ሲ› ቻተም።

ማክሰኞ በ2020 የተከፈተው ‹ዘ ቦክስ› ውስጥ የከተማው መዛግብት ክፍል ተጎበኘ፤ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ረጅም አገልግሎት የጨረሰ ባሕረኛ ሁለተኛውን የአሥር ዓመት ውል ፈርሞ ጡረታ ከወጣ በኋላ በባሕር ኃይል መዝገብ ውስጥ ይደበዝዛል። ከዚያ ወዲያ ያለው በሲቪሉ ወረቀት ነው። የ1881፣ የ1891 እና የ1901 የሕዝብ ቆጠራ በሥራ ዓምዱ ላይ ‹የባሕር ኃይል ጡረተኛ› ይለዋል። ስሙ በጣም የተለመደ ከሆነ በ‹ኤ.ዲ.ኤም 139› ላይ ያለውን የትውልድ ደብር ከቆጠራው ጋር ማገናኘት ነው፤ ዕድሜ ብቻ አያስተማምንም፣ ወንዶቹ ለመቀጠር ሲሉ አንድና ሁለት ዓመት ይጨምሩ ነበርና። በቆጠራው ሌሊት ባሕር ላይ የነበረ ሰው ከቤተሰቡ ጋር አይገኝም፤ መርከቦች የራሳቸው ቅጽ አላቸው፣ ሚስቱ ደግሞ ‹የባሕረኛ ሚስት› ተብላ ቤት ትገኛለች። መጀመሪያ እሷን መፈለግ ይቀላል። የሞት የምስክር ወረቀቱ በድረ ገጽ ከእንግሊዝ ሲቪል መዝገብ ቤት ይታዘዛል፤ ሩብ ዓመቱ፣ የወረዳው ስም፣ የመዝገቡ ቅጽና ገጹ ከማውጫው ላይ ተገልብጠው ከተሰጡ ወረቀቱ አዲስ አበባ ድረስ በፖስታ ይመጣል።